የተሰበረው ብርጭቆና የመስጊዱ ቀንዲል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዒድ ሲቃረብ በአንዳንድ ቤቶችና መድረሳዎች የሚታይ ደስ የሚል ሥራ አለ። ልጆች፣ በተለይም ልጃገረዶች፣ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ሰብስበው ያጥባሉ፤ የተለጠፈበትን ወረቀት በሙቅ ውኃ ፍቀው ያነሳሉ። ከዚያም በቀለም ቅጠልና አበባ ይስሉበታል። ተምር ወይም ከረሜላ ሞልተው፣ አፉን በጨርቅ አስረው ለእናታቸው፣ ለአክስታቸው፣ ለጎረቤታቸው ወይም ለኡስታዛቸው ይሰጣሉ።

ይህን የሚያዩ ትልልቅ ሰዎች ሁለት ነገር ሲናገሩ ይሰማል። አንደኛው «የተጣለ ጠርሙስ ለሰው ስጦታ ይሆናል እንዴ? የልጅ ጨዋታ ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው፤ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ነው። ሁለቱም አባባሎች የልጆቹን እጅ ያስራሉ። ስለዚህ ነገሩን በታሪክ ዓይን ማየት ተገቢ ነው። ታሪኩ ሲገለጥ የሚታየው የተባለው ተቃራኒ ነው። ስብርባሪ ብርጭቆ ሰብስቦ እንደገና መሥራት፣ በብርጭቆ ላይ በቀለም መጻፍና ማስጌጥ፣ ያንንም ለአላህ ቤትና ለወዳጅ ማቅረብ ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ቀዳሚ ሆነው የቆዩበት ሙያ ነው።

ብርጭቆ በቁርኣንና በሐዲስ

ብርጭቆ በቁርኣን ውስጥ በከበሩ ቦታዎች ተጠቅሷል። በሱረቱ አን-ነምል ቁጥር 44 ላይ የሰበእ ንግሥት ወደ ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ቤተ መንግሥት ስትገባ ወለሉን ጥልቅ ውኃ መስሏት ልብሷን ከፍ እንዳደረገች፣ ከብርጭቆ የተሠራ መሆኑ በተነገራት ጊዜም ለዓለማት ጌታ እንደተገዛች ተነግሯል። በሱረቱ አል-ኢንሳን ቁጥር 15 እና 16 ላይ የጀነት ሰዎች የሚጠጡባቸው ጽዋዎች የብርጭቆ ጥራት ያላቸው፣ ከብር የሆኑ መሆናቸው ተገልጿል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሱረቱ አን-ኑር ቁጥር 35 ላይ አላህ (ሱ.ወ) ስለ ብርሃኑ ምሳሌ ሲያደርግ መብራቱን በብርጭቆ ውስጥ፣ ብርጭቆውንም እንደሚያበራ ኮከብ አድርጎ ገልጾታል። ይህች አያ ወደ ፊት ለምንናገረው ሁሉ ቁልፍ ናት።

በሐዲስም ቢሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ ሴቶች የተቀመጡባቸውን ግመሎች በዜማ ያስሮጥ የነበረውን አንጀሻን ቀስ እንዲል ሲያሳስቡት ሴቶቹን በብርጭቆ ዕቃ መስለዋቸዋል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብርጭቆ በቀላሉ የሚሰበር፣ በጥንቃቄ የሚያዝ ነገር መሆኑን ዐረቦች ያን ጊዜ በሚገባ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስብርባሪ የጫነችው መርከብ

ብርጭቆ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። ሸክላ አንዴ ከተሰበረ ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ብርጭቆ ግን ቢሰበርም ቀልጦ እንደገና ብርጭቆ ይሆናል። እንዲያውም ከአሸዋና ከዕፅዋት አመድ አዲስ ብርጭቆ ለማቅለጥ ከሚያስፈልገው እሳት ይልቅ ስብርባሪውን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ያንሳል። ለዚህም ነው የጥንት ብርጭቆ ሠሪዎች ስብርባሪን እንደ ጥሬ ዕቃ ይገዙና ይሸጡ የነበረው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ከባሕር ወለል የወጣ ነው። በደቡብ ምዕራብ ቱርክ ጠረፍ፣ በሮዴስ ደሴት ትይዩ፣ ሰርቼ ሊማኒ በሚባል ወደብ ውስጥ በ1025 እ.ኤ.አ. ገደማ አንዲት የንግድ መርከብ ሰጠመች። ተመራማሪዎች ከ1977 እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆፍረው ባወጧት ጊዜ ጭነቷ አስገረማቸው። ሦስት ቶን ያህል ብርጭቆ ጭና ነበር። ከዚህ ውስጥ ሁለት ቶኑ ጥሬ የብርጭቆ ቁራጭ ሲሆን አንዱ ቶን ደግሞ የተሰባበሩ ጽዋዎች፣ ጠርሙሶች፣ ሳህኖችና የፋብሪካ ትርፍራፊዎች ነበሩ። መርከቧ የተነሳችው በዚያን ጊዜ በፋጢሚዮች ግዛት ሥር ከነበረው የሻም ጠረፍ ነው። የሰጠመችበትን ዘመን ለማወቅ የረዱትም ከብርጭቆ የተሠሩ የፋጢሚዮች የሚዛን ድንጋዮች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከአምስት መቶ ሺህ የማያንሱ ስብርባሪዎችን እየለዩ ሲገጣጥሙ ብዙ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ በቦድሩም ከተማ በሚገኘው የባሕር ውስጥ ቅርስ ሙዚየም ይታያሉ።

አስተውሉ! ያች መርከብ ወርቅ ወይም ሐር አይደለም የጫነችው፤ እኛ ከደጃፋችን ጠርገን የምንጥለውን ነው። ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ሀብት ነበር። ከዚያ በኋላም በ1277 እ.ኤ.አ. የትሪፖሊ ገዢ የነበረው የመስቀል ጦረኞች መስፍንና ቬኒስ ባደረጉት ውል ውስጥ ከትሪፖሊ ስለሚወጣ የተሰበረ ብርጭቆ ቀረጥ ተጽፏል። መንግሥታት ለስብርባሪ ብርጭቆ ውል ይጽፉ ከነበረ፣ በየመንደራችን «ቁራሌው!» እያለ ጠርሙስ የሚሰበስበው ወጣት የሚሠራው ሥራ የሚናቅ አለመሆኑን ልንረዳ ይገባል።

ወርቅ የሚመስለው ቀለም

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። በብርጭቆ ላይ በቀለም የመሥራት ጥበብ በግብጽና በሻም በጣም ቀደም ብሎ ይታያል። ብርና መዳብ ያለበትን ውሕድ በብሩሽ በብርጭቆው ላይ ይቀባሉ። ከዚያም ጢስ በበዛበት ምድጃ ውስጥ ያሞቁታል። ቀለሙ ከብርጭቆው ጋር ተዋህዶ ቢጫ፣ ቡናማ ወይም ወርቃማ ሆኖ ይወጣል፤ ቢታጠብም አይለቅም። በጥንታዊቷ የፉስጣጥ ከተማ፣ በዛሬዋ ካይሮ፣ በተደረገ ቁፋሮ የተገኘ አንድ ጽዋ በዚሁ ቀለም የዐብዱ ሰመድ ኢብኑ ዐሊ ስም ተጽፎበታል። ይህ ሰው የኸሊፋው አል-መንሱር አጎት ሲሆን ግብጽን በ773 እ.ኤ.አ. ለአጭር ጊዜ ያስተዳደረ ነው። ስለዚህ ጽዋው ዕድሜው ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው። በጃቢር ኢብኑ ሐያን ስም በሚጠራ አንድ የኬሚያ መጽሐፍ ውስጥም ብርጭቆን የማቅለምና የማስጌጥ አሠራሮች ተዘርዝረዋል።

ይህ ወርቅ የሚመስል ቀለም ለምን ተወደደ? የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ እኛ የምናውቀው ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወርቅና በብር ዕቃ መብላትና መጠጣትን ከልክለዋል። ክልከላው የውበትን በር አልዘጋም። ሠሪዎቹ ከአሸዋ፣ ከአመድና ከጥቂት ብረታ ብረት የወርቅን ብርሃን የያዘ፣ ነገር ግን ወርቅ ያልሆነ ዕቃ ሠሩ። ድሃውም ሀብታሙም ሐራም ሳይነካ ባማረ ዕቃ ይጠጣ ዘንድ መንገድ ተከፈተ።

የመስጊዶች ቀንዲሎች

ጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. በሻምና በግብጽ፣ በአዩቢዮችና በመምሉኮች ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ ሌላ ዓይነት ቀለም ተስፋፋ። ባለቀለም ብርጭቆ እንደ ዱቄት ይፈጫል፤ ከዘይት ወይም ከሙጫ ጋር ይለወሳል፤ በብርጭቆው ዕቃ ላይ በብሩሽ ይሳልበታል። ዛሬ በብረት ሳህን ላይ ስናየው ኢናሜል የምንለው ዓይነት ነው። ዕቃው እንደገና ወደ እሳት ሲገባ የተቀባው ዱቄት ቀልጦ ይጣበቃል። ችግሩ እሳቱ ላይ ነው። ቢያንስ ቀለሙ አይቀልጥም፤ ቢበዛ ዕቃው ራሱ ይጣመማል። በዚህ ጠባብ መካከል ላይ መቆም የዕድሜ ልክ ሙያ ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭና ሰማያዊ ይጠቀሙ ነበር። በአንዳንዶቹ ዕቃዎች ላይ ሰማያዊው ላፒስ ላዙሊ ከሚባለው የከበረ ድንጋይ ዱቄት የተሠራ መሆኑ በምርመራ ታውቋል።

በዚህ ጥበብ ከተሠሩት ሁሉ የታወቁት የመስጊድ ቀንዲሎች ናቸው። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ወደ ላይ የተከፈተ፣ በጎኑ ጆሮዎች ያሉት፣ በሰንሰለት ከጣሪያ የሚንጠለጠል ዕቃ ነው። በውስጡ ትንሽ ብርጭቆ ይቀመጣል፤ ውኃ፣ በላዩም ዘይትና ክር ይደረግበታል። በብዙዎቹ አንገት ላይ ያች የአን-ኑር አያ ትጻፋለች። ሲመሽ ክሩ ሲለኮስ ብርሃኑ በፊደሎቹ መካከል ያልፋል። አያዋ ስለ ብርጭቆና ስለ ብርሃን ትናገራለች፤ ሰጋጁም ቀና ሲል ብርጭቆውንና ብርሃኑን ያያል። ለዚህም ነው እነዚህ ቀንዲሎች ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም የነበራቸው። በካይሮ በ1356 እ.ኤ.አ. ግንባታው ለተጀመረው የሱልጣን ሐሰን መስጊድና መድረሳ የተሠሩት በርካታ ቀንዲሎች ዛሬ በከተማዋ በሚገኘው የእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ለየመን ረሱሊድ ሱልጣኖችም የነርሱ ዓርማ የሆነችው ባለ አምስት ቅጠል አበባ የተሳለችባቸው ዕቃዎች ከመምሉኮች አገር ተሠርተው ይሄዱ ነበር።

ስጦታው ለማን ነው?

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። እነዚህን ቀንዲሎች አሠርተው ለመስጊድ ወቅፍ ያደረጉት ሱልጣኖችና አሚሮች ነበሩ። ስማቸውንና ዓርማቸውን በቀንዲሉ ሆድ ላይ ያስጽፉ ነበር። በሱልጣን አን-ናሲር ሙሐመድ ዘመን ቀውሱን የሚባል አሚር ነበር። የሱልጣኑ መጠጥ አቅራቢ ስለነበር ዓርማው ቀይ ጽዋ ነው። በ1330 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያሠራው ቀንዲል ዛሬ በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል፤ ያ የቤተ መንግሥት ጽዋ ለአላህ ቤት በተሰጠው መብራት ላይ በጉልህ ተስሎ ይታያል።

ይህ ስጦታ ለአላህ ነበርን? ወይስ ለስም? ልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ታሪክ የሚነግረን ግን የሚከተለውን ነው። ቀውሱን የሱልጣኑን ልጅ አግብቶ፣ ሱልጣኑ ሲሞቱም አገሩን በእጁ አስገብቶ ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ተገለበጠ፤ ቤቱ ተዘረፈ፤ በ1342 እ.ኤ.አ. እስር ቤት ውስጥ ተገደለ። በቀላሉ የሚሰበረው ቀንዲል ግን ስድስት መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቆየ። በዚያው ቀንዲል ላይ በትንሹ የተጻፈ ሌላ ስም አለ፤ የሠሪው የዐሊ ኢብኑ ሙሐመድ ስም። በመስጊድ ቀንዲሎች ላይ የሠሪ ስም ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። እሳቱን የመጠኑ፣ ዱቄቱን የፈጩ፣ ብሩሹን የያዙ እጆች አብዛኞቹ ስም የላቸውም። አላህ ዘንድ ግን አይጠፋም።

ስለ ስጦታ ከተነሳ የአገራችንን ንጉሥ የአን-ነጃሺን ስጦታ ማስታወስ ይገባል። ቲርሚዚና ሌሎችም እንደዘገቡት ነጃሺ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የላኩት ጌጥ የሌለው ጥቁር የቆዳ ኹፍ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጫሙት፤ ውዱእም ሲያደርጉ በላዩ አበሱበት። ከንጉሥ ለነቢይ የተላከ ስጦታ ይህን ያህል ቀላል፣ ይህን ያህልም ጠቃሚ ነበር። ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን፣ የበግ ሰኮና እንኳ ቢሆን፣ እንዳትንቅም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሴቶችን አስተምረዋል። እንግዲህ «የተጣለ ጠርሙስ ስጦታ ይሆናል እንዴ?» ለሚለው ወገን መልሱ ይህ ነው። የስጦታ ዋጋ በሰጪው ልብና በተቀባዩ ጥቅም እንጂ በሱቅ ዋጋ አይለካም። ዛሬ በዒድና በሠርግ ጊዜ ስጦታ ለመግዛት የሚበደር፣ ባዶ እጁን ላለመታየትም ዘመድ ከመጠየቅ የሚቀር ስንት ወንድምና እህት አለ! ዝምድናን ለማጥበቅ የተወደደው ሀዲያ ዝምድናን ሲቆርጥ ማየት ያሳዝናል።

ሠሪው ገዢ ሲሆን

ይህ ሁሉ ጥበብ የት ገባ? በ1401 እ.ኤ.አ. ተይሙር ደማስቆን ያዘ፤ ከተማዋ ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። ሙያተኞቿን፣ ብርጭቆ ሠሪዎችን ጭምር፣ ወደ ሰመርቀንድ አጋዘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሰመርቀንድን የጎበኘው የስፔን መልእክተኛ ክላቪኾ ከደማስቆ የመጡ ብርጭቆ ሠሪዎች እዚያ እንደነበሩ ጽፏል። በሻምና በግብጽ ጥበቡ እየተዳከመ ሄደ። በተቃራኒው ስብርባሪውን ከምሥራቅ ስትገዛ፣ ዕቃውንም እያየች ስትማር የቆየችው ቬኒስ በረታች።

በ1569 እ.ኤ.አ. የሆነውን ልብ በሉ። የዑስማንያ መንግሥት ዋና ሚኒስትር ሶኮሉ ሜሕመድ ፓሻ ዘጠኝ መቶ የመስጊድ ቀንዲሎች እንዲሠሩላቸው ወደ ቬኒስ አዘዙ፤ የሚፈልጉት ቅርጽ በሥዕል ተልኮ ነበር። በዚያን ጊዜ ዑስማንያ በጦርም በሀብትም የሚፈራ ኃያል መንግሥት ነበር። ይሁንና በጥንቱ ዘመን ሻምና ግብጽ ለዓለም ይሠሩት የነበረውን የአን-ኑርን ብርጭቆ አሁን ሙስሊም ላልሆነ አገር ማዘዝ ግድ ሆነ። መግዛት ሐራም አይደለም፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ካልሆኑ ሰዎች ጋር ተገበያይተዋል። ጉዳቱ ሌላ ነው። የሚገዛ እጅ ቀስ በቀስ መሥራት ይረሳል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ቀንዲሉን ሲያይ «የፈረንጅ ሥራ» ይላል፤ አያቱ እንደሠሩት የሚነግረው የለምና። ዛሬ የልጆቻችንን ጠርሙስ «የፈረንጅ ልማድ» የሚለው አነጋገር የዚያ መርሳት ቅሪት ነው።

ሆኖም ሙያው ጨርሶ አልጠፋም። በፍልስጤም በአል-ኸሊል ከተማ ብርጭቆ ሠሪዎች ያገለገለ ጠርሙስ አቅልጠው እስከ ዘመናችን ድረስ ሲሠሩ ኖረዋል። በካይሮም በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ከእስላማዊ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊት የፈነዳ የመኪና ላይ ፈንጂ ጥንታዊ ቀንዲሎችን ሲሰባብር፣ ባለሙያዎች ስብርባሪውን ለቅመው የሚጠገነውን ጠገኑ፤ ሙዚየሙም በ2017 እ.ኤ.አ. እንደገና ተከፈተ።

በአገራችን

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ ተገኝቷል። ከዚሁ ስፍራ የ13ኛው መቶ ዘመን የግብጽ ሳንቲሞች፣ የብርጭቆ ዶቃዎችና የብርጭቆ ዕቃ ስብርባሪዎች ወጥተዋል። የሐርላ ሰዎች ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የተገናኙ፣ ራሳቸውም ጌጣጌጥ የሚሠሩ ሙያተኞች ነበሩ።

ቅርብ ወደሆነው ዘመን ስንመጣ ደግሞ ኩራዝን እናገኛለን። ኩራዝ ምንድን ነው? የተጣለ የመድኃኒት ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ተበስቶ ክር ይገባበታል፤ ላምባ ይሞላበታል። በወሎ፣ በሐረርጌ፣ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ስንትና ስንት ደረሶች ሎሕ ይዘው፣ ኪታብ ዘርግተው የቀሩት በዚህ ብርሃን ነው! ወርቅ የተቀባ ቀንዲል አልነበራቸውም። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥ ያለ መብራት ነበራቸው፤ ያም ብርሃን ኡለማዎችን አፍርቷል። የሱልጣን ሐሰን ቀንዲልና የደረሳው ኩራዝ በዋጋ ቢራራቁም ሁለቱም ያገለገሉት ለአንድ ቁርኣን ነው።

ለወላጆችና ለአስተማሪዎች

ከላይ ካየነው ታሪክ ለልጆቻችን ሥራ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን እናንሳ። በመጀመሪያ፣ የቁርኣን አያ በመስጊድ ቀንዲል ላይ የተጻፈው ቀንዲሉ ከፍ ብሎ በተከበረ ቦታ ስለሚሰቀል ነው። የማርማላታ ጠርሙስ ግን በማድ ቤት ወለል ላይ ሊወድቅ፣ ነገም ሊጣል ይችላል። ስለዚህ አያና የአላህ ስም ባይጻፍበት ይሻላል፤ ቅጠል፣ አበባና የመስመር ጌጥ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ያለ ምድጃ የሚቀባ ቀለም እንደ ጥንቱ ከብርጭቆው ጋር አይዋሃድም። ስለዚህ በውጭ በኩል ብቻ ይቀባ፤ አፍ የሚነካው ከንፈሩ አካባቢና ውስጡ አይነካ። ሦስተኛ፣ ልጁ ስሙን ከሥር በትንሹ ይጻፍ። ዐሊ ኢብኑ ሙሐመድም እንዲሁ አድርጓል። አራተኛና ዋነኛው፣ ሲሰጥ ለአላህ ብሎ መስጠትን ይማር፤ የአሚር ቀውሱንንም ታሪክ ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-ኢስራእ አባካኞችን የሸይጣን ወንድሞች ብሏቸዋል። የሚጠቅምን ነገር አለመጣል፣ በእጅ ሠርቶ ማስዋብ፣ ከዚያም ወዳጅን ማስደሰት ሦስት መልካም ነገሮች በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ማለት ነው። ልጃችሁ በቀለም የተጨማለቀ እጇን ዘርግታ ጠርሙሷን ስታቀርብላችሁ ተቀበሏት፤ ዱዓም አድርጉላት።

አላህ ልባችንን በብርሃኑ ያብራልን፤ የልጆቻችንንም እጅ ሠሪ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።